ዘበኛው መሪጌታ መሆን ሲያምረው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ሰው በስሜ አያውቀኝም፤ «ዘበኛው» ነው የሚለኝ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ጥበቃ ሆኜ ሠርቼ አላውቅም። ሥራዬ ብየዳ ነው። የአጥር በር፣ መስኮት፣ የብረት አልጋ እሠራለሁ። ዘበኛ የሆንኩት መድረክ ላይ ነው።

የከተማችን አማተር የቲያትር ክበብ ውስጥ የገባሁት ጢሜ በቅጡ ሳይበቅል ነው። ቁመቴ ረጅም፣ አንገቴ ቀጭን ነው። በመጀመሪያው ቲያትር የዘበኛ ካፖርት አለበሱኝ፤ ካፖርቱ ለአጭር ሰው የተሰፋ ስለነበር እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ገና ብቅ ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቲያትር በተሠራ ቁጥር አንድ ዘበኛ ይጻፋል፤ ያ ዘበኛ እኔ ነኝ። ታሪኩ የንጉሥ ከሆነ የንጉሡ ዘበኛ፣ የባንክ ከሆነ የባንኩ ዘበኛ። አንዱ ላይ ሌባ እየሮጠ ሲመጣ «ቁም! ማነህ?» ብዬ አፈጥበታለሁ፤ ሌባው መልሶ ሲያፈጥብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንግዲህ ካልፈለግክ እለፍ» እላለሁ። ይቺ ንግግር ከአዳራሹ ወጥታ ከተማ ገባች። ገበያ ስወጣ «ካልፈለግክ እለፍ!» ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ፊቴን አኮሳትሬ ተቀምጬ እንኳ አንዱ ጥግ ላይ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ትከሻው ሲርገፈገፍ አያለሁ።

ሚስቴ «ሰው ባየህ ቁጥር ደስ ካለው ምን ጎደለብህ?» ትለኛለች።

ምን እንደጎደለብኝ ማስረዳት አልችልም ነበር። ያንን ፊልም ሳይ ነው የገባኝ።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የመጣው በጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ማስታወቂያው ላይ በቴሌቪዥን አገር የሚያውቀው አንድ ኮሜዲያን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን አፍጥጧል። አጠገቡ ደግሞ ሁልጊዜ አፍቃሪ ሆኖ የሚሠራው መልከ መልካም ተዋናይ ቆሟል። ያንን ማስታወቂያ ያየ ሁሉ አስቂኝ ፊልም ነው ብሎ ገባ። እኔም እንደዚያው። ሚስቴ ሰርግ ቤት እርዳታ ስለነበረባት ብቻዬን ነው የሄድኩት።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ጆሮው ከድቶታል፤ ኩሩ ስለሆነ ግን ለማንም አይናገርም። ልጆቹ ሲያጫውቱት የሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ጠዋት ከደጅ «ቆራሌው!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ያረጀ ዕቃ እየገዛ ጆንያ ተሸክሞ በየሰፈሩ የሚዞር ቆራሌው ነው። ዳኛው ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርት ብሎ የሰማው የሰው ድምፅ ያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን ለመስማት ሲል ብቻ ከቤቱ ዕቃ እያወጣ ይሸጥለታል። ድስት፣ ወንበር፣ በመጨረሻ ችሎት ሲቀመጥ ይለብሰው የነበረውን ካባ። ቆራሌው መጀመሪያ ሽማግሌው ያበደ ይመስለዋል፤ ቀስ በቀስ ግን ይገባዋል። ሲገባውም ምንም አይናገርም፤ ሌላው ቤት በር ላይ በልኩ የሚጮኸውን፣ እዚህ ቤት ሲደርስ ጉሮሮውን አጥርቶ ከፍ አድርጎ ይጮኻል። በዚህ ነው ጓደኛሞች የሆኑት።

ዳኛው ያ ኮሜዲያን ነው። ቆራሌው ደግሞ ያ መልከ መልካም። እኔ በመድረክ ላይ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሰው ሰውን መስሎ ሲሠራ አውቃለሁ። ይሄ ግን መምሰል አልነበረም። ኮሜዲያኑ አገር ያሳቀበትን ፊት የት ጥሎት እንደመጣ እንጃ። ልጁ ስታወራው አገጩ አካባቢ አንዲት ጅማት ብቻ ትንቀሳቀሳለች፤ በዚያች ጅማት አለመስማቱን፣ ማፈሩን፣ ልጁን መውደዱን አየሁ። መልከ መልካሙም ወገቡ ጎብጦ፣ ድምፁ ሻክሮ፣ ሲቀመጥ እንኳ ጆንያው ጀርባው ላይ ያለ ይመስል ወደፊት ያዘነብላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል። እኔን ይዩኝ የሚል የለም።

አዳራሹ ግን ይስቅ ነበር።

ዳኛው ባትሪ የሌለው ሬዲዮ ጆሮው ሥር አድርጎ፣ ዜና የሚሰማ መስሎ፣ ቆራሌው ፊት ራሱን ሲነቀንቅ ሳቁ። ቆራሌው ሬዲዮውን ገልብጦ ባዶውን የባትሪ ቤት አይቶ መልሶ ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥለትም ሳቁ። ከኋላዬ ያለች ሴት ጓደኛዋን «ቆይ፣ አሁን ነው የሚያስቀን» ትላታለች። ፊልሙ እኩሌታ አልፎ እንኳ «ቆይ፣ አሁን ነው» ትላለች። ትዕግሥቴ አለቀ። ዞር ብዬ «እባካችሁ እንይበት!» አልኩ።

«ውይ፣ ዘበኛው ተቆጣ!» አለ አንዱ። አዳራሹ በኔ ላይ ሳቀ።

ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ቆራሌው በጩኸት ብዛት ጉሮሮው ታሞ ድምፁ ይጠፋል። ሁለቱ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቆራሌው አንድ ነገር ይናገራል፤ እኛም አንሰማውም። ዳኛው ራሱን ሊነቀንቅ ይጀምርና ይተወዋል። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «አልሰማሁህም» ይላል። በፊልሙ ሙሉ፣ ለልጆቹ እንኳ ያላላትን ቃል።

እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ግማሹ ሰው ተነስቶ እየወጣ ነበር። በር ላይ አንድ ጎረምሳ «ኮሜዲ ብለው ድብርት ሸጡልን» ሲል ሰማሁ። በዚያ ብርድ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቴን እየገረፈኝ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰውዬ የኔው ዓይነት ነው፤ አሳቂ ነው ተብሎ የተቆለፈበት። ሰብሮ ወጣ። እኔስ?

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ የክበባችን አዘጋጅ ዘንድ ሄድኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል፤ ሁላችንም «መምህር» ነው የምንለው። ቲያትሮቻችንን የሚጽፈውም እሱ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ቲያትር ጨርሶ ነበር። አንድ ሚስታቸው የሞቱባቸው መሪጌታ አሉ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ አረቄ እያወጣች የምትኖር ሴት ናት። የአረቄዋ ጭስ በየቀኑ ግቢያቸው ይገባል፤ እሳቸው በየቀኑ ይራገማሉ። አንድ ክረምት ሲታመሙ ግን አጥሚት ሠርታ የምታመጣላቸው እሷ ትሆናለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ጭሱ ይጠፋል። መሪጌታው ረግጠውት የማያውቁትን ደጇን አንኳኩተው «ጭስሽን ባጣው ጊዜ ነው የመጣሁ» ይሏታል። ቲያትሩ የተሠራው በዚያች ቃል ላይ ነው።

«መሪጌታውን ስጠኝ» አልኩት።

መምህር መነጽሩን አወለቀ። «ቀልድህን ነው?»

«አየህ? አንተም እንደነሱ ነህ።»

«እንደነማን?»

ስለ ፊልሙ ነገርኩት። ስለ ጅማቷ፣ ስለ ሬዲዮው፣ «አልሰማሁህም» ስለማለቱ።  መምህር እስክጨርስ ሰምቶኝ «እንሞክረው» አለ። የሚያምን ሰው አነጋገር አልነበረም፤ እኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

አረቄ የምታወጣዋን የምትሠራው ከሁላችን በፊት ክበቡ ውስጥ የነበረች ሴት ናት። ቀን ቀን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷም «ወንድምዓለም» ትለኛለች። እሷም እንደኔው ተቆልፎባት ነበር። ሁልጊዜ የምታለቅስ እናት ነበረች። በዚህ ቲያትር ግን ስድብ የምታውቅ፣ ወገቧን ይዛ የምትስቅ፣ አጥር ላይ ተደግፋ መሪጌታውን «አባ፣ እርግማንዎ እኮ አረቄዬን አጣፈጠልኝ!» የምትል ሴት ሆነች። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ መምህር ጽሑፉን ጭኑ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ቀናሁባት፤ ሰው መሆኔ ነው።

እኔም ጠንክሬ ሠራሁ። ብረት ስቆርጥ ቃለ ተውኔቴን እላለሁ። ፊልሙ ከተማችን ውስጥ እስካለ ድረስ እየተመላለስኩ አየሁት፤ መጨረሻ ላይ አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከብርድ ሸሽተው ከገቡ ሽማግሌዎች በቀር ሰው አልነበረም። ዳኛው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚያዳምጥ አጠናሁ። መሪጌታዬ ስሜታቸው ሲነካ ቀኝ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህንን ከሱ ነው የወሰድኩት።

ቲያትሩ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ እሑድ ከሰዓት ተከፈተ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ነጭ ሪዝ ለጥፌ፣ ጥምጣም ጠምጥሜ፣ መቋሚያ ይዤ ወጣሁ። ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ ሳቀች። እናቷ «ዝም በይ» አለቻትና ራሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ወደ ኋላ ሄደ። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ስራገም ሳቁ፤ ስታመም ሳቁ። እታለም አጥሚቱን ይዛ ስትገባ ዝም አሉ፤ እኔ ጽዋውን ስቀበል እንደገና ሳቁ። መጋረጃ ጀርባ መምህር ጥፍሩን ሲበላ አያለሁ።

ወደ መጨረሻው ጭሱ ጠፋ። ተነሳሁ፣ መድረኩን ቀስ ብዬ አቋረጥኩ፣ ደጇ ቆምኩ። በሩን ከፈተችልኝ። ልጇ ሞቶባት እሳት ሳታነድ የዋለች ሴት ናት፤ ዓይኗ የእውነት እንባ አቅርሯል። አዳራሹ ጸጥ አለ። የእውነት ጸጥ አለ። አፌን ከፈትኩ።

ከኋላ አንዱ ድምፁን ቀጭን አድርጎ «እንግዲህ ካልፈለግክ እለፍ!» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አልፈልግም። ሰው ወንበር ላይ ተንከባለለ። እታለም እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደወረደ፣ ዓይኖቿን ከኔ ሳትነቅል ቆማ ጠበቀችኝ። ንግግሬን ተናገርኩ፤ ማን ሰምቶኝ!

መድረክ ጀርባ ጥምጣሙን ወርውሬ «የነሱ ጥፋት ነው!» እያልኩ ጮህኩ። «አያዩም! ሰው የሚያዩት አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዩህ! ያንን የመሰለ ፊልምም በሳቅ ነው የገደሉት!»

መምህር «አንኮበር ይዘነው እንሄዳለን» አለ። «እዚያ ማንም አያውቅህም።»

እሱን ይዤ ተጽናናሁ። አንኮበር የክበባችን ዘበኛ አይታወቅም። እዚያ መሪጌታ ሆኜ ከገባሁ መሪጌታ ነኝ።

ለመሄድ የፈጀብን ጊዜ ግን! አንዴ መኪና ጠፋ፣ አንዴ መንገዱ ተዘጋ ተባለ፣ አንዴ የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተባለ። በመጨረሻ በአንድ የበዓል ማግስት ሚኒባስ ተከራይተን፣ አልባሳቱንና የአረቄ ማውጫውን ዕቃ ጣራው ላይ ጭነን ወረድን። ጉሙ የሚያሳየው የመንገዱን ጠርዝ ብቻ ነበር። እኔ መንገዱን ሙሉ ቃለ ተውኔቴን ስል ሹፌሩ «አባባ፣ ዳዊት እየደገሙ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ደስ አለኝ፤ ይኸው አንድ ያልሳቀብኝ ሰው አልኩ።

ሰው መጣ። የካህናት ቤተሰቦች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከበታች ከአሊዩ አምባ ለጉዳይ ወጥተው ጉም የያዛቸው ነጋዴዎችም ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ከኋላ ተቀመጡ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ብርሃን እንዳይጠፋብን ቀኑ ሳይመሽ ጀመርን። ስወጣ ማንም አልሳቀም። ስራገም አልሳቁም። ለአጥሚቱ እጄን ስዘረጋ አንዲት እናት «እሰይ» አሉ፤ ለእታለም ነው። ልቤ ሞቀ። ደጇ ስቆም ጸጥታው እንደዚያ ቀን ነበር፤ የሚያቋርጠው ግን አልነበረም። «ጭስሽን ባጣው ጊዜ ነው የመጣሁ» አልኩ። እጄን አንቀጠቀጥኩ።

ምንም አልሆነም።

ይህን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቃሏ ከአፌ ወጣችና መሐል ላይ ወደቀች። አንዱ አሳለ፤ ሌላው ወደ መስኮቱ ዞሮ ጉሙን አየ። እታለም ግን ደጇ ላይ ቁጭ ብላ «ይግቡ እንግዲህ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው» ስትል ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ካለቀ በኋላ አንድ አዛውንት ቄስ ወደ እኛ መጡ። መስቀላቸውን ለእታለም አሳልመው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት፤ ልጇ የእውነት የሞተ ያህል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔ ሪዙን እየላጥኩ ነበር።

«አንተስ ልጄ፣ አሞህ ነበር እንዴ? እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አዘንኩልህ። ጠበሉ እኮ እዚሁ ቅርብ ነው።»

«አይ አባቴ፣ እኔ አይደለሁም፤ መሪጌታው ናቸው» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ሄዱ።

ስንመለስ ጉሙ በርትቶ ሹፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ ጠበቀ። ሌሎቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጫወታሉ። እታለም አጠገቤ ነበረች።

«በይ እታለም፣ ምን ጎደለኝ? ዛሬ የሳቀ የለም።»

«እውነቱን ልንገርህ?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«አንተ መሪጌታውን አልሆንክም። ያንን የፊልሙን ዳኛ ነው የሆንከው። አቀማመጥህ እሱ፣ አገጭህ እሱ፣ እጅህ እሱ። እኔ በሩን ስከፍትልህ የቆመው ጎረቤቴ አይደለም። እሱን የሚያደንቅ ሰው ነው የቆመው።»

የመለስኩላትን አላስታውስም፤ ደግ ቃል እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። 

ለተወሰነ ጊዜ ክበቡ ጋ አልሄድኩም። ሱቁንም ሳልከፍት የምውልበት ቀን ነበር። ሚስቴ «ለአንድ ቲያትር ነው እንዲህ የምትሆነው? አልጋውን የሚጠብቁ ሙሽሮች አሉህ እኮ» ስትለኝ ይብሰኝ ነበር። የምወደውን ሥራ አይቼ፣ ወድጄ፣ ተምሬበት፣ መልሶ እሱው መጥፊያዬ ሲሆን አበሸቀኝ። ሰው ጥሩ ነገር ካየ አይማርበትም?

አንድ ከሰዓት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባዬ፣ ያ ፊልምህ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ኔትወርኩ እየቆመ እየሄደ፣ ሱቁ ውስጥ ብረት ላይ ተቀምጬ አየሁት። እጁን ነበር የማየው። ሬዲዮው ጋ ደረሰ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ካባውን ሲሸጥ አልተንቀጠቀጠም። «አልሰማሁህም» ሲል እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ እንሽላሊት ጭጭ ብለዋል። መልሼ አየሁ። በፊልሙ ሙሉ አንድም ቦታ የሚንቀጠቀጥ እጅ የለም። ከሱ ወሰድኩት ያልኩትን ነገር እሱ አላደረገውም።

በዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እታለም ተረኛ ነበረች፤ ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ደጅ ወጣች። ያጣላን ነገር እንደሌለ ሁሉ «ወንድምዓለም፣ አመመህ?» አለችኝ።

«እጁ አይንቀጠቀጥም» አልኳት። «ዳኛው። ደጋግሜ አየሁት። አይንቀጠቀጥም።»

 «እና ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያ እሱን ፈልግ» አለችና የሚጠብቋት በሽተኞች ስለነበሩ ገባች።

ፈለግኩ። አጎቴን አሰብኩ፣ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች አሰብኩ፤ እንደዚያ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አላገኘሁም። ሚናውን እንደገና ልሞክረው ብዬ መምህር ዘንድ ስሄድ ግን ቀድሞ ጨርሶታል። መሪጌታውን ለአንድ ወጣት የታሪክ አስተማሪ ሰጥቶታል። ጫጫ ላይ እንዲያሳዩ ተጋብዘዋል። ይህንንም መምህር አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ።

«ደነባ ከተማ ስንጋበዝ ደግሞ ላንተ እናያለን» አለኝ። «አሁን ግን አንድ ሰው ጎድሎናል። ትንሽ ነገር ጨምሬ ነበር...»

«ምን ጨመርክ?»

«የቤተ ክርስቲያኑን... ጥበቃ።»

መሳደብ ነበረብኝ። ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ቲያትሩ የኔም ነው፤ ሰው ጎድሎ ሲሰረዝ ማየት አልቻልኩም። «እሺ» አልኩ። እያረርኩ ነው «እሺ» ያልኩት።

የተጨመረው አጭር ነገር ነው። የደብሩ ጥበቃ ከሥራው ጠፍቶ አረቄ ሊጠጣ ሴትዮዋ ቤት ይገባል፤ በዚያች ቅጽበት መሪጌታው በአጥሩ ብቅ ይላሉ። ጥበቃው ብርጭቆውን ከኋላው ደብቆ «እኔ እንኳ ቤቷን ልጠብቅላት ብዬ ነው» ይላል። በቃ፤ አንድ ንግግር።

ጫጫ ላይ የቆምነው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ገበያ ውለው የመጡ ገበሬዎች፣ የሚኒባስ ሹፌሮች፣ ተማሪዎች። ማንም አያውቀኝም። በዚያ ላይ አኩርፌያለሁና ለማሳቅ ምንም አላደረግኩም። ካፖርቱ በልኬ ነበር። ገባሁ፤ ብርጭቆውን ተቀበልኩ፤ መሪጌታውን አየሁ፤ ብርጭቆውን ደበቅኩ። ንግግሬን ከመናገሬ በፊት አዳራሹ ፈነዳ። አንድ ትልቅ ሰው ኩታቸውን እስኪጥሉ ሳቁ። ንግግሬን ለመናገር ብዙ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ስናገረው ደግሞ እንደገና ፈነዳ።  ጥፋቱን የደብረ ብርሃን ሰው ላይ ስጭን ነው የከረምኩት። ጫጫ ላይ ማን ያውቀኛል?

የታሪክ አስተማሪው መሪጌታውን ደህና አድርጎ ሠራው። በጣም ግሩም አይደለም፤ ደህና ነው። ደጇ ቆሞ ያቺን ቃል ሲል ሰው ዝም ብሎ ሰማው፤ እታለምም በእንባ አስገባችው። እኔ ከመጋረጃው ጎን ሆኜ አየሁ። ያቺን ቃል ከኔ በላይ የሚወዳት የለም፤ ይህን አሁንም እላለሁ።

ሲያልቅ እታለም አጠገቤ መጥታ ሪዛም ባልደረባችን ሲጨበጨብለት አብረን አየን።

«ሲስቁ እኮ ወደውህ ነው» አለችኝ።

«ሲያለቅሱልሽስ ጠልተውሽ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ለምን አንቺ ሁለቱንም ትችያለሽ? ያ ሰውዬስ ለምን ቻለ?»

  ትከሻዬን መታ አድርጋ ዕቃ ልትሰበስብ ሄደች።

ስንመለስ መምህር ሚኒባሱ ውስጥ ከኔ ጎን መጥቶ ተቀመጠ። እንደሚፈራ ሰው ስለ ሌላ ስለ ሌላው ሲያወራ ቆይቶ «አዲስ ነገር ጽፌያለሁ» አለ። «ዋናው ሰው አንተ ነህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመድረክ አትወርድም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ብቻ እንዳትቆጣ።»

«አስቂኝ ነው?»

«በጣም» አለ መምህር።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የጫጫ ማሳ ታጭዶ ክምሩ ብቻ ቆሟል። ደብረ ብርሃን ደርሰን ሲወርድ ጽሑፉን ጭኔ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ደነባ አልሄድንም፤ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል፤ መሪጌታውም በአስተማሪው እጅ ናቸው። ለመምህር እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ አየሩ ያወራኛል፣ እኔም ስለ ብረት ዋጋ መወደድ አወራዋለሁ። ጽሑፉን ሱቁ ውስጥ ከመበየጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አልነካውም ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ አወረድኩትና አነበብኩት። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ጥሩ ነው። ከዚህ በፊት ከጻፋቸው ሁሉ ይበልጣል። እኔን የሚያበሽቀኝም ይኸው ጥሩነቱ ነው።